ባዝ ከጋሼ ጋር፣ ከዓርብ እስከ ሰኞ

ከአገር ቤት ዘመድ ሲመጣ ለንደን ያለን ሰዎች የምናሳየው ነገር ያው ነው። ቢግ ቤን፣ ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት፣ ኦክስፎርድ ስትሪት፣ ከዚያ እግር ሲያብጥ ወደ ቤት። ራቅ ማለት ያማረው ደግሞ በአስጎብኚ አውቶብስ ተጭኖ ስቶንሄንጅንና ባዝን በአንድ ቀን አዳርሶ ማታ ይመለሳል። ይህንን ሁለተኛውን እባካችሁ ተዉት። ባዝ በሁለት ሰዓት የምታልቅ ከተማ አይደለችም። አውቶብሶቹ ወደ ማታ ቱሪስቱን ጭነው ሲሄዱ ነው መንገዱ የሚለቀቀው። ደግሞም እኛን ኢትዮጵያውያንን ከሁሉም በላይ የሚመለከተን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት የኖሩበት ቤት ከመሃል ከተማው ወጣ ብሎ ነው ያለው። አውቶብሶቹ እዚያ አይደርሱም።

ስለዚህ አጎቴ ከአዲስ አበባ ሲመጡ ባዝ ወስጄ እዚያው አሳደርኳቸው። ጋሼ ሰባን ተሻግረዋል። ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው። ጉልበታቸው ትንሽ ያስቸግራቸዋል፤ ምላሳቸው ግን ደህና ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ዓርብ

ባቡሩ የሚነሳው ከለንደን ፓዲንግተን ሲሆን ጉዞው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ለሁለት የምትሄዱ ከሆነ ቱ ቱጌዘር የሚባለውን የቅናሽ ካርድ አውጡ፤ የትኬቱን ሲሶ ይቀንሳል። በሥራ ቀን ግን በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ 9፡30 በፊት አይሠራም። 60 ዓመት ለሞላው ሰው ደግሞ ለብቻው የሲንየር ካርድ አለ። ትኬቱን በመጨረሻው ሰዓት ከጣቢያ መግዛት ኪስ ያራቁታል።

የባዝ ባቡር ጣቢያ በ1840 የተከፈተ ነው። የነደፈው ታዋቂው መሐንዲስ ኢዛምባርድ ኪንግደም ብሩኔል ነው። ከጣቢያው ወጥታችሁ ቀጥ ብላችሁ ከሄዳችሁ በጥቂት ደቂቃ መሃል ከተማ ትደርሳላችሁ። ታክሲ አያስፈልግም።

ጋሼ መጀመሪያ ያስተዋሉት ድንጋዩን ነው። ቤቱም ባንኩም ድልድዩም አንድ ዓይነት ድንጋይ ነው፤ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ቀለሙ የሚደምቅ የኖራ ድንጋይ።

«አንድ ኮንትራክተር ነው እንዴ ሁሉንም የሠራው?» አሉ።

ነገሩ ከእውነት ብዙም አልራቀም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በፖስታ ሥራ የከበረ ራልፍ አለን የሚባል ሰው አጠገቡ ኮም ዳውን ላይ ያሉትን የድንጋይ ካባዎች ገዛ። ጆን ዉድ የሚባሉ አባትና ልጅ አርክቴክቶች ደግሞ በዚያ ድንጋይ የከተማዋን መልክ ቀየሩት። ከተማዋ በሙሉ በ1987 የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆናለች።

ስለ ማደሪያ አንድ ነገር ልበል። እነዚህ የድሮ ቤቶች ወደ እንግዳ ማረፊያ ሲለወጡ አሳንሰር አይገባላቸውም። እኛ የያዝነው ቤት ያምራል፣ አልጋው ንጹሕ ነው፣ ክፍላችን ግን ጣሪያው ሥር ሆኖ ቁጭ አለ፤ ደረጃው ደግሞ ጠባብ ነው። ዝቅ ያለ ክፍል እንዲሰጡን አስቀድሜ ጠይቄ እሺ ተብዬ ነበር። ስንደርስ የሚያውቅ የለም። ጋሼ በየደረጃው መታጠፊያ ቆም እያሉ «ግሸን ማርያም ናት እንዴ?» ይሉ ነበር። ሽማግሌ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ቃል ብቻ አትቀበሉ፣ በጽሑፍ አስይዙ። በፈረንጅ ገና ገበያ ሰሞን፣ ማለትም ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ባሉት ሳምንታት፣ የአልጋ ዋጋው ሰማይ ስለሚነካ ሌላ ጊዜ ምረጡ። እኛ የሄድነው ጥቅምት ላይ ነው። ብርድ ነበረ፣ ግፊያ ግን አልነበረም።

ዓርብ ስለሆነ ምሳ የጾም ነው። በእንግሊዝ አገር ስለ ጾም ማስረዳት ድካም ነው፤ «ቪጋን» በሉ፣ በቃ። «ቬጀቴሪያን» ካላችሁ ግን እንቁላልና አይብ ይዞ ከች ይላል፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ባዝ ውስጥ ከትንሿ ካፌ ጀምሮ ምግብ ዝርዝሩ ላይ ቪጋን የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። የምስር ሾርባ በዳቦ በላን። ሚጥሚጣ ጋሼ ከኪሳቸው አወጡ።

ከሰዓት በኋላ በእግር ጉብኝት ጀመርን። የከተማው ከንቲባ የክብር አስጎብኚዎች የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ከሮማውያን መታጠቢያ ጎን ካለው፣ ፓምፕ ሩም ከሚባለው አዳራሽ ደጃፍ ተነስተው ሁለት ሰዓት ያህል ከተማዋን ያዞራሉ። በነፃ ነው። ስለ ባዝ አንድ ምክር ብቻ ስጪን ብትሉኝ ይህንኑ ነው የምሰጣችሁ። የእኛ አስጎብኚ የጋሼ እኩያ የሚሆኑ አዛውንት ነበሩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ወዲያው ተግባቡ፤ እኔ ከኋላ ተከታይ ሆንኩ።

ሰርከስ የሚባለው ክብ አደባባይ ዙሪያውን 33 ቤቶች ተገጥግጠውበታል። ትልቁ ዉድ በ1754 ጀምሮት ሲሞት ልጁ ጨረሰው። ምሰሶዎቹ በየፎቁ ይለያያሉ፤ ከታች ዶሪክ፣ ከመሃል አዮኒክ፣ ከላይ ቆሮንቶሳዊ። ከእነሱ ጥቂት ራመድ ሲባል ደግሞ ሮያል ክረሰንት አለ፤ እንደ ግማሽ ጨረቃ የታጠፈ የ30 ቤቶች ረድፍ። ልጁ ዉድ ከ1767 እስከ 1774 ነው የሠራው። ምሰሶዎቹ 114 ናቸው።

ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። እናንተ ግን ዞራችሁ ጀርባውን እዩት። ፊቱ አንድ ወጥ ነው፣ ጀርባው ግን ዝብርቅርቅ ያለ ነው፤ አንዱ ቤት ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል፣ አንዱ ወጣ ብሏል፣ ሌላው ገባ። ምክንያቱም አርክቴክቱ የወሰነው ፊቱን ብቻ ነው። የቀረውን እያንዳንዱ ገዢ በየራሱ ባለሙያ እንደ አቅሙና እንደ ፍላጎቱ አሠራው።

«ፊቱን ታጥቦ ጀርባውን የረሳ ሙሽራ» አሉ ጋሼ። ተርጉሜ ስነግራቸው አስጎብኚው ሳቁ፤ ማስታወሻ ደብተራቸው ላይም ጻፉት።

ፊት ለፊት ባለው ሣር ውስጥ ከቤቶቹ መስኮት የማይታይ ቦይ አለ። የተቆፈረው ከብት ከታች እየጋጠ ወደ ቤቶቹ እንዳይጠጋ፣ አጥርም እይታ እንዳይጋርድ ነው። የመጀመሪያው ቤት ቁጥር 1 ሙዚየም ሆኗል፤ የዚያን ዘመን ሀብታም እንዴት ይኖር እንደነበር ማየት ለሚወድ ጥሩ ነው። እኛ አልገባንም፤ ጉልበት አልፈቀደም።

ሲጨርሱ ጋሼ አምስት ፓውንድ ሊያስጨብጧቸው ሞከሩ። አስጎብኚው እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ። ጉርሻ መቀበል በደንብ የተከለከለ ነው። ከዚያ ከየት እንደመጣን ጠየቁ። «ኢትዮጵያ» ስንል ፊታቸው በራ። «ኒውብሪጅ ያለውን ቤት ሳታዩ እንዳትሄዱ» አሉን። ለእሑድ የያዝነው ፕሮግራም ነው አልናቸው።

ማታ ፑልተኒ ድልድይ ሄድን። በ1774 ያለቀ የሮበርት አዳም ሥራ ነው። በግራና በቀኝ ሱቅ የተደረደረበት ድልድይ ነው፤ መሃሉ ላይ ቆማችሁ ወንዝ ላይ መሆናችሁን ትረሳላችሁ። ውበቱ የሚታየው ከታች፣ ኤቨን ወንዝ በደረጃ በደረጃ ከሚወርድበት በኩል ነው። ለእራት ዘ ስካሎፕ ሼል የሚባለው ዓሣ ቤት ገባን። ዓሣው ትኩስ ነው፣ ድንቹም እንደዚያው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ጠረጴዛችን ላይ ተነስቶ ሳይቋጭ ሳህኑ አለቀ። የበላነው የኃጢአቱን ሒሳብ ጋሼ ወስደው ነው።

ቅዳሜ

የሮማውያን መታጠቢያ ገና ሲከፈት ግቡ። ረፋድ ላይ ሰልፉ ይረዝማል። የመግቢያ ዋጋው እንደ ቀኑና እንደ ወቅቱ ይለያያል፤ ቅዳሜና እሑድ ይወደዳል። ትኬቱን አስቀድማችሁ በኦንላይን ግዙ። በጆሮ የሚደመጠው ማብራሪያ ከትኬቱ ጋር ነው የሚሰጠው።

መጀመሪያ የሚታየው ከላይ በረንዳው ነው። በረንዳው ላይ የቆሙት የቄሳሮች ሐውልቶች ሮማዊ እንዳይመስሏችሁ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተጨመሩ ናቸው። ሮማዊው ነገር የሚጀምረው ከመሬቱ ሥር ነው። ታችኛው ወለል ላይ ስትደርሱ የምትረግጡት የድንጋይ ንጣፍ የሮማውያኑ ነው። መካከሉ ላይ ትልቁ ገንዳ አለ፤ ወለሉ በ45 የእርሳስ ንጣፎች የተሸፈነ ነው። ውሃው አረንጓዴ ነው፣ ይጨሳል። አረንጓዴ የሆነው ጣሪያው ከፈረሰ በኋላ ብርሃን ስላገኘው ነው፤ አልጌ በቀለበት። በሮማውያን ጊዜ ጣሪያ ስለነበረው ውሃው እንዲህ አልነበረም።

ጋሼ የገንዳው ጠርዝ ላይ ካለ ድንጋይ ቁጭ አሉ። «ይሄማ ፍልውሃ ነው» አሉ። «እቴጌ ጣይቱ ይህን ቢያዩ ኖሮ እዚሁ ከተማ ይቆረቁሩ ነበር።»

ውሃው የሚመጣው ከሩቅ ነው። ከሺህ ዓመታት በፊት ሜንዲፕ ኮረብታዎች ላይ የወረደ ዝናብ ጥልቅ መሬት ውስጥ ገብቶ፣ ሞቆ፣ በድንጋይ ስንጥቅ ወደ ላይ ይመለሳል። ሲወጣ ሙቀቱ 46 ዲግሪ ነው። በቀን ከ1,100,000 ሊትር በላይ ይፈልቃል። ሮማውያን ከመምጣታቸው በፊት የአካባቢው ሰዎች ምንጩን ሱሊስ በሚሏት አምላክ ስም ያከብሩት ነበር። ሮማውያን አላፈረሱባቸውም። ከራሳቸው ሚነርቫ ጋር አዛምደው ቤተ መቅደስ ሠሩላት፣ ከተማውንም አኳይ ሱሊስ አሉት።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የወሰደብን እርግማኖቹ የተቀመጡበት መስታወት ነው። 130 ያህል ትንንሽ የእርሳስ ቅጠሎች ከምንጩ ውስጥ ወጥተዋል። ሰዎች ዕቃ ሲጠፋባቸው ቅጠሉ ላይ አቤቱታ ይጭሩና ጠቅልለው ወደ ምንጩ ይጥሉታል፤ አምላኳ ሌባውን እንድትበቀል ነው። ካባ የጠፋበት አለ። ቀለበት የጠፋበት አለ። ዶኪሜዲስ የሚባል ሰው ሁለት ጓንቶቹ ጠፍተውበታል። የወሰደው ሰው አእምሮውንም ዓይኖቹንም እንዲያጣ ይለምናል።

«ለጓንት?» አሉ ጋሼ። «ዓይን ይጥፋ?»

«ብርዱን አላዩትም እንዴ ጋሼ? እዚህ አገር ጓንት ቀላል ነገር አይደለም።»

ብዙዎቹ እርግማኖች ሌባው ወንድም ይሁን ሴት፣ ባሪያም ይሁን ጨዋ እያሉ ማምለጫ እንዳይኖረው በር በሩን ይዘጋሉ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው እንደገና አነበቡ። «የሌባ ሻይ ልጅ ቀረባቸው እንጂ ሌላው ተሟልቷል» አሉና ለአንዲት ጃፓናዊት ልጅ ሌባ ሻይ ምን እንደሆነ በራሳቸው እንግሊዝኛ ማስረዳት ጀመሩ። ልጅቷ በትዕግሥት አዳመጠች።

ገንዳው ውስጥ መግባት ክልክል ነው። መንካትም አይገባም፤ ውሃው ያልታከመ ነው። በ1978 አንዲት ልጅ በውሃው ውስጥ ባለ አሜባ ታማ ከሞተች በኋላ መዋኘት ቆሟል። መውጫው ላይ ግን የታከመውን ውሃ መቅመስ ይቻላል። 43 ማዕድናት አሉበት። ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ በስመ አብ አሉ፣ ጨለጡት።

«ጠበል እኮ አይደለም ጋሼ።»

«ከመሬት ውስጥ ሞቆ የሚወጣ ውሃ የማን ይመስልሻል?»

ጣዕሙ ለብ ያለ፣ ብረት ብረት የሚል ነው። አንድ ብርጭቆ ይበቃል። የከተማዋ አፈ ታሪክም ከጋሼ ሐሳብ ብዙ አይርቅም። ብላዱድ የሚባል የንጉሥ ልጅ የሥጋ ደዌ ይዞት ተባርሮ እሪያ ይጠብቅ ነበር አሉ። እሪያዎቹ ሙቁ ጭቃ ውስጥ ተንከባልለው ቆዳቸው ሲድን አይቶ እሱም ገባ፤ ዳነ። ከዚያ ከተማዋን መሠረተ ይባላል።

ጎን ላይ ያለው ፓምፕ ሩም በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራ አዳራሽ ነው። መብራቱ፣ ዓምዱ፣ ሙዚቀኞቹ ሁሉ ደስ ይላሉ። ሙሉውን የከሰዓት ሻይ ከነሳንድዊቹና ከነኬኩ ማዘዝ ግን ለእኔ ዋጋው አይዋጥልኝም። አንድ ማንቆርቆሪያ ሻይ ብቻ ይዛችሁ ሙዚቃውን አዳምጡ። አዳራሹ ያው አንድ ነው።

የባዝ ገዳም ቤተ ክርስቲያን እዚያው ደጁ ላይ ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ ኤድጋር በ973 ዘውድ የጫነው በዚህ ቦታ በነበረው የቀድሞው ቤተ ክርስቲያን ነው። የአሁኑ የተጀመረው በ1499 ነው። ጳጳሱ ኦሊቨር ኪንግ መላእክት በመሰላል ሲወጡና ሲወርዱ በሕልሙ አይቶ ነው ይባላል። ስለዚህ በፊተኛው ግድግዳ በዋናው መስኮት ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም የድንጋይ መሰላሎች ተቀርጸዋል። የሚወርዱት መላእክት በጭንቅላታቸው ነው የሚወርዱት። ጋሼ አንገታቸውን ቀና አድርገው ብዙ ቆዩ። ውስጡ ሰፊ መስኮት የበዛበት፣ ጣሪያው እንደ ማራገቢያ በተዘረጋ የድንጋይ ጥልፍ የተሸፈነ ነው። ሕንፃው የሚሞቀው በዚያው በፍል ውሃው ነው። ሮማውያን የተዉት ሙቀት ዛሬም ሥራ አልፈታም። ማማው 212 ደረጃ አለው። የትናንቱ የሆቴል ደረጃ ከበቂ በላይ ነበር፤ ተውነው።

ምሳ ሳሊ ለን። ቤቱ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆመ፣ ከከተማዋ አንጋፋ ቤቶች አንዱ ነው። የሚታወቀው ክብ፣ ሰፊ፣ ቀላልና ለስላሳ በሆነ ዳቦ ነው። በ1680 ከፈረንሳይ በሃይማኖት ምክንያት የተሰደደች ልጅ ናት ሙያውን ያመጣችው ይባላል። ስሟ ለእንግሊዞች አፍ አልገባ ብሎ ሳሊ ለን ሆነ ይላሉ። እውነትነቱ አከራካሪ ነው፤ ዳቦው ግን አያከራክርም። የሚያቀርቡላችሁ ግማሹን ነው፣ ግማሹም ያጠግባል። በቀረፋ ቅቤ እዘዙ። ምድር ቤቱ ውስጥ የድሮው ማድ ቤት አለ፤ ለተመጋቢ በነፃ ይታያል። ባዝ በን የሚባለው ደግሞ ሌላ ነው፤ ትንሽ፣ ጣፋጭ፣ ላዩ ላይ የስኳር ፍርፋሪ ያለበት። ሻጩም ገዢውም ሁለቱን እያምታታ ይጠራቸዋልና ስታዙ በጣታችሁ አሳዩ።

የቀረውን ቀን በዝግታ አሳለፍነው። ደራሲዋ ጄን ኦስተን ከ1801 እስከ 1806 እዚህ ስለኖረች በስሟ የተከፈተ ማዕከል ጌይ ስትሪት ላይ አለ፤ ደጁ ላይ የዚያን ዘመን ልብስ የለበሰ ሰው ቆሞ ይጠራችኋል። ለወዳጆቿ ነው። እኛ ዘ ሬቨን የሚባል መጠጥ ቤት ገብተን የሥጋ ፓይ በልተን በጊዜ ተኛን።

እሑድ

ከመሃል ከተማ ወደ ምዕራብ በኒውብሪጅ በኩል የሚሄደውን አውቶብስ ያዙ። የንጉሠ ነገሥቱ ቤት፣ ፌርፊልድ ሐውስ፣ ኬልስተን መንገድ ላይ ነው። ለጎብኚ የሚከፈተው በተወሰኑ ቀናት ብቻ ስለሆነ ሳታረጋግጡ አትሂዱ። በር ላይ ደርሶ መመለስ ያማል።

ቤተ መንግሥት የሚጠብቅ ሰው ይደነግጣል። ደህና ገቢ ያለው የእንግሊዝ ነጋዴ የሚኖርበት ዓይነት ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት ነው። ግቢው ሰፊ ነው። ከሣሩ ላይ ቆሞ ሲያዩ የወንዙ ሸለቆ ወለል ብሎ ይታያል።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 1936 ጄኔቫ ላይ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ካሉ በኋላ በዚያው ዓመት ነው ባዝ የመጡት። መጀመሪያ ሆቴል አረፉ፤ ከተማዋ ስትስማማቸው ይህን ቤት ገዙ። እስከ 1940 ድረስ መኖሪያቸው ይኸው ነበር። ቤተሰቡ አለ፣ ባለሟሎቹ አሉ፣ ካህናት አሉ፤ ቤቱ ሙሉ ነበር። ገንዘቡ ግን ሙሉ አልነበረም። የብር ዕቃ እስከ መሸጥ ደርሰዋል። ልዕልት ፀሐይ ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት የተማሩት በዚህ የስደት ዘመን ነው።

ጋሼ ከክፍል ወደ ክፍል ሲሄዱ ዝም አሉ። ዝም ማለታቸው ራሱ ዜና ነው። ፎቶዎቹ ፊት ግን የአስተማሪነታቸው አባዜ ተነሳ።

«ስሚ» አሉኝ። «ሰዎች ስለ ጄኔቫ ያወራሉ። ከጄኔቫ የሚከፋው 1938 ነው። የሚኖሩበት አገር መንግሥት፣ እንግሊዝ፣ የጣሊያንን ወረራ በይፋ ተቀበለ። የጎረቤት መንግሥት ሳይሆን ያስጠጋቸው መንግሥት። በማግስቱ ጠዋት በዚህ በር ወጥተሽ ለጎረቤት እንደምን አደራችሁ ትያለሽ። እስቲ አስቢው።»

እኔ ደግሞ ሳላውቀው የኖርኩትን የነገሩኝ ስለ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ፣ ደራሲው ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው ተሰደው እዚሁ ቤት ውስጥ መስከረም 1938 አረፉ። የተቀበሩት ባዝ ነው፤ አፅማቸው ወደ አገር የተመለሰው ቆይቶ ነው። ነፃነትን አላዩም። ጋሼ «ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ብቻ ቢጨምርላቸው» አሉና በጣታቸው ቆጠሩ፤ ከመስከረም 1938 እስከ ግንቦት 1941።

ንጉሠ ነገሥቱ የሕይወት ታሪካቸውን የመጀመሪያ ክፍል ያስጻፉትም ባዝ ነው። ጣሊያን ሰኔ 1940 ወደ ጦርነቱ ስትገባ የእንግሊዝ ፖለቲካ በአንድ ጀምበር ተገለበጠ። ያን ጊዜ በአውሮፕላን ወደ ሱዳን ተሻገሩ፤ ግንቦት 5 ቀን 1941 አዲስ አበባ ገቡ። በ1954 ባዝ ተመልሰው መጥተው የከተማዋን የክብር ዜግነት ተቀበሉ። በ1958 ደግሞ ቤቱን ለአረጋውያን መጠቀሚያ እንዲሆን ለከተማዋ ሰጡ።

ዛሬም የአረጋውያን መሰባሰቢያ ነው፤ ብዙዎቹ ከካሪቢያን የመጡ ናቸው። ራስተፈሪያኖች ከየቦታው ይመጣሉ። እኛ በሄድንበት ቀን ከበርሚንግሃም የመጡ ራስታዎች ነበሩ። ጋሼን ከአዲስ አበባ መሆናቸውን ሲሰሙ ጎንበስ ብለው እጅ ነሷቸው። ጋሼ ተደናግጠው እሳቸውም ጎንበስ። ማን ቀድሞ ቀና እንደሚል አልታወቀም፤ እኔ ነኝ ፎቶ አነሳለሁ ብዬ የገላገልኳቸው።

መግቢያ ላይ የመዋጮ ሣጥን አለ። ቤቱ የሚጠበቀው በበጎ ፈቃደኞች ነው። ሮማውያኑ ጋ የከፈላችሁትን አስታውሱና እዚህም ጣል አድርጉ።

ከዚያ ሰንደይ ሮስት አማረን። የተጠበሰ የበሬ ሥጋ፣ ድንች፣ አትክልት፣ ዮርክሻየር ፑዲንግ የሚሉት ከዱቄትና ከእንቁላል የሚጋገር ነገር፣ ከላይ መረቅ። የእሑድ ምሳ በእንግሊዝ አገር የቤተሰብ ነገር ስለሆነ መጠጥ ቤቶቹ ሁሉ ይሞላሉ። አንዱ ቤት አስቀምጦን ብዙ ካቆየን በኋላ ማድ ቤቱ ተዘግቷል አለን። አስተናጋጁ ሲነግረን ደግሞ ስልኩን እያየ ነው። ጋሼ ተነስተው ባርኔጣቸውን አደረጉ፣ ምንም አላሉም። ሁለተኛው ቤት የተረፈውን ሰበሰበና አበላን፤ ሥጋው ጥሩ ነበር፣ መረቁ ግን ቀዝቅዟል። ቀድማችሁ ጠረጴዛ ካልያዛችሁ እሑድ በፈረንጅ ሰዓት ከቀኑ 2 ሰዓት በፊት ግቡ።

ሰኞ

ሰኞን ለተርሜ ባዝ ስፓ ያቆየሁት በምክንያት ነው። በሥራ ቀን ዋጋው ከቅዳሜና እሑድ ይቀንሳል፣ ሰውም ይቀንሳል። በ2006 የተከፈተ ዘመናዊ ሕንፃ ነው። በከተማዋ የተፈጥሮ ፍል ውሃ ገላ መታጠብ የሚቻልበት ዋናው ቦታ ይህ ነው። ፎጣ፣ ጋውንና ነጠላ ጫማ ከመግቢያው ጋር ይሰጣሉ። የዋና ልብስ ግን ይዛችሁ ሂዱ። ከ16 ዓመት በታች አይገባም፤ ለልጆች ሌላ ፕሮግራም አስቡ።

ጋሼ «የሰው ገላ የተነከረበት ውሃ» ብለው ሲያንገራግሩ ነው ያደሩት። ጣሪያው ላይ ያለው ገንዳ አጠገብ ስንደርስ ካፊያ ጀምሮ ነበር። ብርዱ ፊት ይገርፋል፣ ውሃው ይጨሳል፣ ከፊት የቤተ ክርስቲያኑ ማማ፣ ዙሪያውን ኮረብታዎቹ። ጋሼ አንድ እግራቸውን አስገቡ። ከዚያ እስከ አንገታቸው ገቡ።

ጥቂት ቆይተው «ጉልበቴን አላገኘሁትም» አሉ።

«ምን ማለት ነው?»

«ከጠዋት ጀምሮ ሲጠዘጥዘኝ የነበረው አሁን የለም ማለት ነው።»

የሚፈቀደው ሁለት ሰዓት ነው። ካለፈ ይቆጠርባችኋል። እኔ እየወጣሁ እየገባሁ እንፋሎት ክፍሎቹንም አየሁ። ጋሼ ከገንዳው አልወጣ አሉ። አንድ ከዌልስ የመጡ ጡረተኛ ጋር ተዋውቀው ስለ አርትራይተስ፣ ስለ ጡረታ ገንዘብና ስለ ዶኪሜዲስ ጓንት ሲያወሩ ደረስኩ። ሰዓቱ አልቋል ብዬ ጠራኋቸው።

«ትርፉ ስንት ነው የሚያስከፍሉት?» አሉ።

ነገርኳቸው።

«ክፈይላቸው» አሉና ዞሩ።